ላፕቶፑ ያላያት ራውተር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ተማሪ ሳለሁ ሰሌዳ ላይ ያለውን ገልብጫለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የአክስቴ ባል የሚነግሩኝን ቁጥር በአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ከትቤያለሁ። ከራሴ አውጥቼ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም በዚያው ደብተር ሳይጻፍባቸው በተረፉት ገጾች ላይ ነው። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም። ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። መናገር በነበረብኝ ቀን ሳልናገረው የቀረሁት ነገር አለ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም አልወጣልኝም።

ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ዝናቡ ቶሎ ተቋረጠና ማሽላችን ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። አባቴ ከጎብዬ በታች ካለው መንደራችን ይዞኝ ቆቦ መጣና ታላቅ እህቱ ቤት አስገባኝ። ቃሉ፣ ቤት እያገዝኩ ሰባተኛ ክፍል እንድቀጥል ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ምዝገባ አልፏል ተባለ። በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ሰው ይበዛበታል፣ ሥራው አይለቅሽም ተባልኩ። በሦስተኛው እኔም መጠየቅ ተውኩ።

የአክስቴ ቤት አስፋልቱ ዳር ነው። ወደ አላማጣ የሚሄደው መኪና ሁሉ በበሩ ያልፋል። ፊት ለፊት ያለችው ክፍል የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረች። አንዲት ጸሐፊ ማመልከቻና የሥራ ልምድ ትጽፋለች፤ እኔ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ወረቀት እሞላለሁ፣ ፎቶ ኮፒውን አነሣለሁ። የቆቦን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት የጠረግሽው ጠረጴዛ ቀትር ላይ በጣት ይጻፍበታል።

ጽሕፈት ቤቱን የከፈቱት የአክስቴ ባል ናቸው። በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ኮምፒውተር ገዙ፤ ኢንተርኔት በስልኩ መስመር አስገቡ። በዚያን ጊዜ የመጣችው ራውተር ኢንተርኔቱን በቤቱ የምታከፋፍል ትንሽ ነጭ ነገር ናት፤ አንድ አንቴና አላት፣ አራት አረንጓዴ መብራቶች አሏት። አክስቴ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣ እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል አልብሳት ነበር። እሳቸው «ሙቀት ይገድላታል» እያሉ ያነሡታል፤ አክስቴ «አቧራ ይገድላታል» እያለች ትመልሰዋለች። ይህ ጭቅጭቅ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ አልተቋጨም።

እኔ እዚያ ቤት ስገባ ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ስኳር ነው አሉ ሐኪሞቹ። በሁለተኛው ዓመት የሰው ጥላ ካልሆነ በቀር አያዩም። ራውተሯን ግን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቃት አልነበረም፤ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ጸሐፊዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። እናም አንድ ቀን ጠሩኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስበው አስቀመጡኝና እሳቸው ከጎኔ ተቀመጡ። «እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅብሽም፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ጥሪልኝ» አሉ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ብሎ የሚጀምረውን የቁጥር አድራሻ እጽፋለሁ። የራውተሯ ገጽ ይከፈታል። እኔ ከላይ ጀምሬ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቲ እያልኩ እጠራለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊደሎቹን በራሳቸው ውስጥ ይገጣጥሙና «እሱን እለፊው» ወይም «እሱ ላይ ተጫኚ» ይላሉ። ያለፍነውን መንገድ ደግሞ በደብተሬ በአማርኛ ፊደል እጽፋለሁ። ስሳሳት ተቆጥተውኝ አያውቁም። «እኔ ዓይን የለኝም፣ አንቺ እንግሊዝኛ የለሽም፤ ሁለታችን ተጨማምረን አንድ ሰው እንሆናለን» ይሉ ነበር። በሕይወቴ ሰው እኩያው አድርጎ ያናገረኝ ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ አጠገባችን ያለው ካፌ የራሱን ዋይፋይ አስገባ። የእኛ መቆራረጥ ጀመረ። የአክስቴ ባል አንድ የሚያውቁትን ባለሙያ በስልክ ጠይቀው ነገሩን አስረዱኝ። ዋይፋይ በአየር ላይ የሚሄድበት መስመር አለው፤ ቻናል ይሉታል፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ቁጥር ተሰጥቶታል። የእኛም የካፌውም ስድስት ላይ ስለነበሩ ይጋፋሉ። ስለዚህ የእኛን ወደ መጨረሻው ወሰድነው፤ አሥራ ሦስት ላይ አደረግነው። መቆራረጡ ቆመ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ጨምረው አጻፉኝ። ራሴ በእርሳስ የጻፍኩት ነው፤ አሁንም ፊቴ አለ። «አንዳንድ ከውጭ የሚመጡ ማሽኖች የሚያውቁት እስከ አሥራ አንድ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አያዩም። እንዲህ ያለ ከመጣ ስድስት ላይ መመለስ።» ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። የቀረችውን አንዲት መስመር በጀርባው ጻፍኩ።

እሳቸው በዓመቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ግን ማንም አላየኝም። ጠዋት ሱቁን ስጠርግ ነው የማስተካክለው። ጸሐፊዋ ስትመጣ «ዛሬ ራሱ መጣ» ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ዝምታዬ ትሕትና አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። አክስቴ የማሽን ነገር ስትሰማ «እሳቸው የነኩትን ማንም እንዳይነካ» ትል ነበር፤ ለባሏ ካላት ሐዘን መስሎኝ ትቼላታለሁ።

ጸሐፊዋ አግብታ ወልድያ ሄደች። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ በሁለት ጣት ነበር የምጽፈው፣ ግን ፊደል አላሳትም። አክስቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ አየችኝና «ልጄ አዲስ ኮምፒውተር ሊያመጣልኝ ነው፤ ሲመጣ አንቺ ትቀመጪበታለሽ። ለቤት ሥራው ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ይህን ቃል ለአባቴ አስነገርኩ። ለእናቴም አስነገርኩ። ትምህርቱ ባይሆን ይህ ይሁን ብዬ ሌሊትና ቀን እሱን ብቻ አስብ ነበር። ወንበሩ ተሽከርካሪ ነው፤ የአንድ ጎኑ ቆዳ ተቀዷል። ቤቱን የማያውቅ ሰው ግን ገብቶ እሱ ላይ የተቀመጠችውን ሴት «እህቴ፣ ይህን ጻፊልኝ» ብሎ ይለምናል። ማንም «ውሃ አምጪ» አይላትም።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ተምሮ እዚያው ሥራ የያዘ ነው። የተማረው ኮምፒውተር አይደለም፤ ቆቦ ሲመጣ ግን የቤቱ ሁሉ ነገር አዋቂ እሱ ነው። ጅዳ ያለችው እህቱም አግዛው ላፕቶፑን ይዞ ማክሰኞ ገባ። ከአሜሪካ የመጣ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለው እዚህ አገር ገና ብዙ እንዳልገባ ነገረን። አክስቴ ካርቶኑን እየዳሰሰች እንባ አቀረረች።

በአክስቴ ቤት አዲስ ዕቃ የሐሙስ ዱዓ ሳይደረግበት ሥራ አይጀምርም። ፍሪጁ እንደዚያ ነው የገባው፤ ፎቶ ኮፒው እንደዚያ ነው የገባው። የፕላስቲክ ወንበሮች እንኳ ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ሐሙስን ጠብቀዋል፤ እኛ መሬት ተቀምጠን እነሱ ቆመው። ላፕቶፑም ሽማግሌዎቹ እስኪመርቁት ከነካርቶኑ ቡፌው ላይ፣ ራውተሯ አጠገብ ተቀመጠ። አክስቴ ለሁላችንም ተናገረች፤ እስከ ሐሙስ ማንም እንዳይከፍተው።

እኔ ረቡዕ ዕለት ከፈትኩት።

አክስቴ ሮቢት ከተማ ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ ልጇ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቷል። ካርቶኑን ስጠርግ ማሸጊያው ላላ ብሎ አየሁት። የምቀመጥበት ነገር ነው፣ አንድ ጊዜ ልየው አልኩ። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ በነጠላዬ አደረቅኩ። ሻጩ ሁሉን አሰናድቶት ስለነበር ስጫነው ወዲያው ተነሣ። ብርሃኑን ውኃ ውስጥ የማየው ይመስል ነበር። ዋይፋይ የሚያሳየውን ምልክት ነካሁ። የካፌው ስም መጣ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሆቴል ስም መጣ። የእኛ የለም። ራውተሯ ክንድ በማይሞላ ርቀት አራቱን መብራቶቿን እያበራች ተቀምጣለች፤ ላፕቶፑ ግን አያያትም። ሁለቱም ደኅና ናቸው። አንዱ እስከ አሥራ አንድ ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላዋ አሥራ ሦስት ላይ ቆማለች፤ ያለው ነገር ይኸው ነው።

ደብተሬን ላመጣ ተነሣሁ። የአክስቴን ድምፅ በር ላይ ሰማሁ። ላፕቶፑን ዘግቼ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።

ሐሙስ ጠዋት ቁጥሩን እለውጣለሁ ብዬ አደርኩ። የራውተሯ ገጽ የሚከፈተው በኬብል በተያያዘው በአሮጌው ኮምፒውተር ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ከቁርስ ጀምሮ እሱ ላይ ተቀምጦ የራሱን ጉዳይ ይጽፍ ነበር። ሦስት ጊዜ መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። በሦስተኛው «ዛሬ ምነው መጥረግ አበዛሽ?» አለኝ። ላይ ላዩን ሳቀ። «ቁጥሩን ልለውጥ» ካልኩት ከየት አወቅሽ ሊለኝ ነው፤ ከየት እንዳወቅሁ ብነግረው ደግሞ ካርቶኑን መክፈቴ ይወጣል። ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ የጎረቤት ሴቶች፣ የአክስቴ አማች። ዱዓው ተደረገ፤ ለሟቹ ተለመነ፣ ጅዳ ላለችው ልጅ ተለመነ፣ ለሥራው በረከት ተለመነ። ሁሉም አሚን አለ። ጅዳ ያለችው ልጅ በላፕቶፑ ልትታይ፣ እሷም ምርቃቱን ልታይ ቀጠሮ ነበራቸው። ልጁ ካርቶኑን ከፍቶ ላፕቶፑን በሽማግሌዎቹ ፊት አቆመው። እኔ በር ሥር ቆሜ ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

ፈለገ፤ አጠፋው፤ እንደገና አበራው። የራውተሯን ገመድ ነቅሎ ሰካ፤ አንቴናዋን አዞረ። ዳንቴሉን ገፎ ጣለው። ላፕቶፑን አንሥቶ ከቡፌው ጋር አስጠጋው። በመጨረሻ ላብ ፊቱን ሞልቶት «የጎረቤቱን ያያል፤ የኛን አያይም» አለ።

አንዷ ጎረቤት «ምነው፣ የሰው ቤት በለጠበት?» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ። አንደኛው ሽማግሌ «እንግዳ ነዋ፣ አገሩን እስኪለምድ ነው» አሉ። ያኔ ወጣቶቹ ስልካቸውን አወጡ። የሁሉም ስልክ የእኛን ዋይፋይ ያያል። የልጁ የራሱ ስልክ እንኳ ያያል። ይህ ነው የባሰበት። ራውተሯ ደኅና ከሆነች የተበላሸው እሱ ያመጣው ነው ማለት ነው፤ ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እህቱ በስልክ ደጋግማ ትደውላለች፤ አያነሣም።

«ሱቁ ውስጥ በዓይኔ አይቼ ነው የገዛሁት፣ ይሠራ ነበር» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እዚህ ከገባ በኋላ የነካው ሰው አለ» አለ።

አክስቴ ዞር ብላ የምታየው ሌላ ሰው አልነበረም። እኔን አየችኝ። ነክቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ።

«ወላሂ አልነካሁም በይና ይለፍ» አለች።

የኛ ቤት ነገር እንዲህ ነው። አንድ ቃል ብትወጣኝ ኖሮ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ማንም ከመሐላ በኋላ አይጠይቅም። ግን ነክቼዋለሁ። በነካሁት ነገር ላይ፣ ዱዓ በተደረገበት ቤት፣ የአላህን ስም ጠርቼ መዋሸት አልቻልኩም። አላበላሸሁትም ብዬ ብምልስ? እሱን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ያኔ አልታየኝም። የታየኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ማታ ማታ ስገላበጥ።

ሽማግሌው ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ «ልጄ፣ ከነካሽው አትማይ» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። ግን ያቺ ደግነት ፈረደችብኝ። እንደምንም ድምፄን አወጣሁ።

«አሥራ ሦስት ላይ ስለሆነ ነው» አልኩ።

«ምኑ ነው አሥራ ሦስት?» አለ የአክስቴ ልጅ።

ቻናል የሚለው ቃል ጠፋኝ። ስንት ዓመት የጻፍኩት ቃል! «ቁጥሩ» አልኩ።

«ስድስት ላይ የቆመች ልጅ ስለ አሥራ ሦስት ልታስተምረን ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሳቁት እኔን ለመጉዳት አይደለም፤ ቤቱ ጨንቆት ስለነበር መተንፈሻ አግኝቶ ነው። ለእኔ ግን ልዩነት አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ በዚያው እንዲያልቅ ፈለጉ። ቀርቤ የአክስቴን ጉልበት ሳምኩ። ቀጥሎ የልጇን። ባላበላሸሁት ነገር ይቅርታ ለመንኩ፤ «አውፍ በሉኝ» አልኩ። አክስቴ «አውፍ ብያለሁ፣ አላህም አውፍ ይበልሽ» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ልጁ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ላፕቶፑን ይዞት ሄዶ እንዲያስለውጠው ተወሰነ። ካርቶኑ ተዘጋ።

እኔ ሞኝ ነበርኩ። ሌሊቱን ያሰብኩት ይህን ነው፤ ነገ ቁጥሩን ለውጬ ላፕቶፑ ሲሠራ ሲያዩ ይደሰታሉ፤ የእኔም ነገር ይገለጣል፤ ወንበሩም የኔ ይሆናል።

ዓርብ ቀትር ላይ ልጁ ጁምዓ ሄደ። አክስቴ አማቿ ቤት ተጠርታ ነበር። ሱቁ ተዘጋ። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ዘረጋሁ። ድምፄን አውጥቼ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራሁ፤ ያለዚያ አይሆንልኝም። ማንም ባይኖርም አጠገቤ የሚያደምጠኝ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሦስት የሚለውን አገኘሁት። ስድስት አደረግኩት። ከዚያ ላፕቶፑን አውጥቼ አበራሁ። የካፌው መጣ፣ የሆቴሉ መጣ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ ቤት ስም መጣ፣ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁና ገባ።

ከደስታዬ ብዛት የደብተሩን ገጽ ገልብጬ ጀርባውን አላየሁም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ፣ በወንበሩ ፊት አስቀመጥኩት። እኔም አንድ ጊዜ ተቀመጥኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ አየሁት፤ አጠፋሁት።

ልጁ ቀድሞ ገባ። ቆሞ አየ። ማን እንደሠራው ጠየቀ። «እኔ» አልኩ። እንደዚያን ቀን ድምፄ ጎልቶ ወጥቶ አያውቅም። ምን እንዳደረግሁት ጠየቀኝ፤ ቁጥሩን እንደለወጥኩት ነገርኩት። አክስቴ ከኋላው ደርሳ ስለነበር ይህንኑ ሰማች።

«ትናንት ማይ ስትባል ዝም ያለችው ለካ ይህን ይዛ ነው» አለች። «ያጠፋሽውን መልሰሽ ስታበጂው ጎበዝ ልባል ብለሽ ነው?»

ደብተሬን ለልጁ ሰጠሁት። ገጾቹን ገለጠ። በአማርኛ ፊደል የተጻፈውን እንግሊዝኛ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። አሥራ አንድ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣቱ እዚያ መስመር ላይ ቆየ። ገባው ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ይህን ማን አጻፈሽ?» አለኝ።

«አባትህ» አልኩ።

ወደ እናቱ አየ፤ መልሶ ደብተሩን አየ። «አባቴኮ ማየት አይችሉም ነበር» አለና ዘግቶ መለሰልኝ።

ገብቶት እንደሆነና እንዳልገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። የገባው ይመስለኛል። ከገባው፣ በሽማግሌ ፊት ጉልበቱን ያሳመው በከንቱ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣውንም ላፕቶፕ ያሸነፈችው ዳንቴል የለበሰች አሮጌ ራውተር ናት። ይህን ከመሸከም እኔን መጣል ቀለለው። አክስቴን ግን ብዙም አልፈርድባትም። በዓይኗ ያየችው ይህ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ልጅቷ አጠገቡ ነበረች፤ ሲበጅም ልጅቷ አጠገቡ ነበረች። መሐላ ሸሽታለች። ጉልበት ስማለች። እሷን ብሆን ኖሮ እኔም ራሴን አላምንም ነበር።

አልመታችኝም፤ አልሰደበችኝም። ለእናቴ ስኳርና ሳሙና ቋጥራ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎብዬ በሚሄድ ሚኒባስ አሳፈረችኝ። ወንበሩ ላይ የአማቿ ልጅ እንደምትቀመጥ የሰማሁት እዚያው መናኸሪያ ነው፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ናት። ዓርብ ቀትር ላይ አክስቴ አማቿ ቤት የተጠራችው ለዚሁ ነበር። እኔ ፊደል እየጠራሁ ቁጥር ስለውጥ፣ ወንበሩ ተሰጥቶ አልቋል።

አባቴ ብዙ አልጠየቀኝም። ማሽላው በዚያ ዓመት ደኅና ይዞ ስለነበር ወፍ ጥበቃ ማማ ላይ አወጣኝ። ጠዋት ወጥቼ እስኪመሽ ወንጭፌን ይዤ እዚያ ነኝ። ሰው የለም፤ የሚያናግረኝ የለም። ለእኔ መልካም ነበር። ደብተሬን ከነጠላዬ ሥር ይዤው እወጣ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

በአምስተኛው ቀን አባቴ ስልኩን ይዞ በማሽላው መካከል መጣ። «ከቆቦ ነው» ብሎ ወደ ላይ አቀበለኝ። የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ፈቃዱን አራዝሞ ገና እዚያው ነው። ሰላምታም ሳይሰጠኝ፣ ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፑ እንደገና ራውተሯን ማየት እንዳቆመ ነገረኝ። አዲሷ ጸሐፊ ተቀምጣለች፤ ደንበኛ ቆሟል።

ደብተሩን አወጣሁ። ገጹን ገለበጥኩ። በጀርባው ያለችው መስመር እንዲህ ትላለች፤ «ከተለወጠ በኋላ ሴቭ የሚለው ማስቀመጫ ላይ መጫን፤ ያለዚያ መብራት ሲጠፋ ወደ ድሮው ትመለሳለች።» ዓርብ ዕለት ያላየኋት መስመር ናት። ጥፋት ካለብኝ በእውነት ጥፋቴ እሷ ናት።

ለልጁ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራሁለት። ወፎቹ ማሽላው ላይ ወረዱ፤ አላባረርኳቸውም። እሱ ከዚያ በኩል «አገኘሁት»፣ «ገባሁ» ይለኛል። አሥራ ሦስቱን ስድስት አስደረግኩት። ከዚያ የማስቀመጫውን ቦታ ነገርኩት፤ ራውተሯ ጠፍታ እስክትበራ እንዲጠብቅ ነገርኩት። ጠበቅን። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ የአዲሷ ጸሐፊ መሰለኝ፣ «ይኸው መጣ!» ሲል ሰማሁ።

እሱ ተነፈሰ። አንድ ነገር ሊለኝ የጀመረ መሰለኝ። ግን ስልኩን የተቀበለችው አክስቴ ነበረች። ሁሉን ከጎኑ ቆማ ስትሰማ ነበር። አሁን ያውቁታል፣ አሁን ያምኑኛል ብዬ ስልኩን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። አክስቴ ፈራ ባለ፣ ከእሷ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ፤

«እዚያ ሆነሽም ትነኪዋለሽ ማለት ነው?»